መርፌው ወዴት እየሄደ ነው?

የአየር ትንበያ ሲተላለፍ አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ፀሐይዋን ወይም ደመናዋን ነው። ነገ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም? ይቺን ካወቀ በቃው። የእኔ ዓይን ግን ቀድሞ የሚሄደው ከጀርባ ወደተሰመሩት ጠመዝማዛ መስመሮች ነው። አንዳንድ ቦታ ክብ ሠርተው ይጠጋጋሉ። ሌላ ቦታ ደግሞ ተራርቀው ይታያሉ። አሁን አሁን ብዙ ጣቢያዎችና የስልክ መተግበሪያዎች መስመሮቹን ጭራሽ አውጥተዋቸዋል። ለተመልካች ይከብዳል ብለው ይመስለኛል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ዋናው ወሬ ያለው እዚያ ነው። ፀሐይዋና ደመናዋ የሚነግሩን ውጤቱን ብቻ ነው።

መስመሮቹ እኩል የአየር ግፊት ያለባቸውን ቦታዎች ያገናኛሉ። አይሶባር ይባላሉ። እነሱን መከታተል ከጀመርኩ ወዲህ የአየር ጠባይን የማይበት መንገድ ተቀይሯል። ግፊት ላይ ቁጥሩ ራሱ ያን ያህል ቁም ነገር የለውም። ጨዋታው ያለው ልዩነቱ ላይ ነው። እዚህና እዚያ ባለው ልዩነት፣ ከሦስት ሰዓት በፊት በነበረውና አሁን ባለው ልዩነት።

የአየር ግፊትን በመርፌ የሚያሳየው መለኪያ ባሮሜትር ይባላል። ብዙዎቻችን ሳናውቀው መርፌ የሌለውን ዓይነት በኪሳችን ይዘን እንዞራለን። በርካታ ዘመናዊ ስልኮች ውስጥ የአየር ግፊት የምትለካ ትንሽ ሴንሰር አለች። የሚያነበውን አፕ ጭናችሁ ስልኩን ወለል ላይ አስቀምጡት። ቁጥሩ ሲረጋጋ አንስታችሁ ከራሳችሁ በላይ ያዙት። ወደ 0.2 ሄክቶፓስካል (ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) ይቀንሳል። በሁለት ሜትር ብቻ! ሦስት ፎቅ በደረጃ ብትወጡ ደግሞ አንድ ሄክቶፓስካል ገደማ ይወርዳል። ከላያችሁ ያለው አየር በዚያችው መጠን ስለቀነሰ ነው። ከጓደኞቼ መሐል በዚህ ነገር ያላሰለቸሁት ሰው የለም።

አየር ክብደት አለው። ባህር ጠለል ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የተጫነው አየር ከ10 ቶን በላይ ይመዝናል። ይህን በመጀመሪያ በመሣሪያ ያሳየው ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ፣ በሜርኩሪ በተሞላ የመስታወት ቱቦ። ሜርኩሪው 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ወዲያው ፈረንሳዊው ፓስካል ሌላ ጥያቄ አመጣ። ሜርኩሪውን የያዘው የአየር ክብደት ከሆነ ተራራ ላይ መውረድ የለበትም ወይ? የእህቱ ባል ፍሎረን ፔሪዬ እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1648 ቱቦውን ተሸክሞ ፑይ ደ ዶም የተባለውን ተራራ ወጣ። ሌላ ቱቦ ከታች ሰው ቆሞ ይጠብቀው ነበር። የታችኛው ቀኑን ሙሉ አልተንቀሳቀሰም። የላይኛው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ወረደ። የታችኛውን ቱቦ የሚጠብቅ ሰው ማስቀመጣቸውን በጣም ነው የምወደው። ማወዳደሪያ ከሌለ ልዩነት የለማ።

ከዚህ የሚመጣ አንድ ችግር አለ። ከፍታ የሚያመጣው ለውጥ የአየር ጠባይ ከሚያመጣው ይበልጣል። ጥሩ ቀንና መጥፎ ቀን በ20 ወይም በ30 ሄክቶፓስካል ቢለያዩ ትልቅ ነገር ነው። አንዲት መቶ ሜትር ኮረብታ መውጣት ግን ለብቻዋ 12 ያህል ትቀንሳለች። ስለዚህ ጣቢያዎች ሁሉ የለኩትን ቁጥር ባህር ጠለል ላይ ቢሆኑ ኖሮ ወደሚያነቡት ቀይረው ነው የሚልኩት። ካርታው ላይ የምናየው ያ የተስተካከለው ነው። ይህ ባይደረግ ካርታው የአየር ጠባይ ሳይሆን የተራሮች ካርታ በሆነ ነበር።

ቁጥሩ ብቻውን ምንም እንደማይል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም፦ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1979 በምዕራብ ፓሲፊክ ላይ የተነሣው ቲፕ የተባለ አውሎ ነፋስ እምብርቱ ላይ 870 ሄክቶፓስካል ተለካ። በባህር ጠለል ደረጃ ከዚያ በታች ተለክቶ አያውቅም። ታዲያ 870 ማለት ከባህር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖር ሰው በየቀኑ በሰላም የሚተነፍሰው ግፊት ነው። ልብስ አስጥቶ ይደርቅልኛል የሚልበት ግፊት ነው። ቲፕን አስፈሪ ያደረገው 870 መሆኑ ሳይሆን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ራቅ ብሎ ያለው ግፊት 1,000 አካባቢ መሆኑ ነው። ያን ሁሉ ልዩነት የሚሸፍነው ነፋስ ነው።

አየር ከብዙ ወደ ጥቂት ይሄዳል። ከከፍተኛ ግፊት ወደ ዝቅተኛ። በቀጥታ ቢሄድ ኖሮ ልዩነቱ ወዲያው በጠፋ፣ የአየር ጠባይ የሚባል ነገርም አሰልቺ በሆነ ነበር። ግን ምድር ትዞራለች። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ የሚጓዝ አየር ወደ ቀኙ ይታጠፋል፣ በደቡባዊው ወደ ግራው። በዚህ የተነሣ አየሩ ወደ ዝቅተኛው ግፊት ጉድጓድ ከመግባት ይልቅ ዙሪያውን ይሽከረከራል። መሬት ላይ ያለው ሰበቃ ትንሽ ስለሚያዘገየው ብቻ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሆላንዳዊው ባይስ ባሎት እ.ኤ.አ. በ1857 ያወጣው ደንብ ዛሬም ይሠራል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከሆናችሁ ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ፤ ዝቅተኛው ግፊት በግራችሁ በኩል ነው። በደቡብ ከሆናችሁ በቀኛችሁ። ሜዳ ላይ ቆሜ ይህን ከሞከርኩ በኋላ ስልኬ ላይ ካርታውን ማየት ልማዴ ነው። ገጠመኝ ሳይሆን በአብዛኛው ይገጥማል።

ወደ ዝቅተኛ ግፊት የተሰበሰበው አየር መሄጃ የለውም፤ ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ ደመና ይሆናል፣ ደመናው ዝናብ። በከፍተኛ ግፊት ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አየሩ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ እየተጨመቀ በየኪሎ ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል፣ ደመና ካለም ይተናል። ሰማዩ ጥርት ይላል።

ከዚህ ተነሥቶ "ከፍተኛ ግፊት ጥሩ፣ ዝቅተኛ ግፊት መጥፎ" የሚል አባባል ተለምዷል። እኔ በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ለንደንን ለአምስት ቀን ያፈነው ጭስና ጉም የከፍተኛ ግፊት ሥራ ነበር። ከላይ የወረደው ሞቃት አየር ከተማዋ ላይ ክዳን ሆነ። ነፋስ የለም። የከሰል ጭሱ መውጫ አጣ። በጊዜው ወደ 4,000 ሰው እንደሞተ ተገመተ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ቁጥሩን እስከ 12,000 አደረሱት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 መጨረሻ ላይ በምዕራብ ካናዳ ሊተን በምትባል መንደር 49.6 ዲግሪ ሲመዘገብም ከላይ አልነቃነቅ ያለ ከፍተኛ ግፊት ተቀምጦ ነበር። በማግሥቱ መንደሯ በእሳት ወደመች። ማዕበል ቢያንስ ያልፋል። ከፍተኛ ግፊት ግን አንዴ ከተጎለተ እንግዲህ መቼ እንደሚነሣ እንጃ።

እስካሁን ስለ ግፊት ብቻ ነው ያወራሁት። ግን የአንድ ዝቅተኛ ግፊት ውስጡ አንድ ዓይነት አይደለም። ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር ጎን ለጎን አሉበት። በቀላሉ አይቀላቀሉም። የሚገናኙበት ጠባብ ድንበር ፍሮንት ይባላል፤ አንዳንዶች ግንባር ይሉታል። ከባዱ ዝናብና ድንገተኛው ለውጥ ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

ፍሮንት እንዴት እንደተገኘ ያለው ታሪክ ከራሱ ከፍሮንቱ ይልቅ ይገርመኛል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የአየር ሁኔታ መረጃ ወታደራዊ ምሥጢር ሆነ። ገለልተኛዋ ኖርዌይ ከእንግሊዝና ከባህር ላይ መርከቦች ይደርሳት የነበረው ቴሌግራም ተቋረጠባት። የአገሪቱ የአየር ጠባይ የሚመጣው ደግሞ ከዚያው ከምዕራብ ነው። በዚያ ላይ የእህል እጥረት አለ፤ ገበሬው መቼ እንደሚያጭድ ማወቅ አለበት። ኖርዌያዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ቪልሄልም ቢየርክነስ እ.ኤ.አ. በ1917 ከጀርመን ከተማ ላይፕሲግ ወደ አገሩ ከተማ በርገን የመጣው በዚህ መሐል ነው። ከሩቅ የሚመጣው መረጃ ከቀረ በቅርብ ያለውን እናብዛው አለ። በባህር ዳርቻው ላይ ጣቢያዎችን በብዙ እጥፍ አበዛ። ዓሣ አጥማጆች፣ ለመርከቦች የሚያበሩ ማማዎች ጠባቂዎች፣ የባህር ኃይል ጥበቃዎች ሁሉ ሰማዩን እያዩ መዘገቡ።

ጣቢያዎቹ ሲቀራረቡ ከዚያ በፊት ማንም በደንብ ያላየው ነገር ብቅ አለ። ነፋሱ በአንድ መስመር ላይ አቅጣጫውን ድንገት ይቀይራል። ከመስመሩ ወዲህ ሙቀት፣ ወዲያ ብርድ። ዝናቡም መስመሩን ተከትሎ ይሄዳል። ጣቢያዎቹ ተራርቀው በነበሩ ጊዜ ይህ ሁሉ በመሐላቸው ያመልጥ ነበር። የቪልሄልም ልጅ ያኮብ፣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ተጓዥ ዝቅተኛ ግፊት ከውስጡ በሚወጡ ሁለት መስመሮች የተዋቀረ መሆኑን አሳየ፤ በአንዱ ቀዝቃዛ አየር ሞቃቱን እየገፋ ይመጣል (ቀዝቃዛ ፍሮንት)፣ በሌላው ሞቃት አየር ቀዝቃዛውን እየተካ ይመጣል (ሞቃት ፍሮንት)። ስዊድናዊው ቶር በርጌሮን ደግሞ ቀዝቃዛው መስመር ሞቃቱን ሲደርስበት ምን እንደሚሆን ጨመረበት። ዛሬ ካርታ ላይ የምናያቸው ሰማያዊ ሦስት ማዕዘኖችና ቀይ ግማሽ ክቦች የዚያ ቡድን ልጆች ናቸው።

ካርታው ላይ ግን ፍሮንት ቀጭን መስመር ሆኖ መታየቱ ያሳስታል። እንደ ግድግዳ የቆመ ነገር አይደለም። የተጋደመ ነው፣ በጣም የተጋደመ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከግንድ ሥር እንደሚገባ ሽብልቅ ከሞቃቱ ሥር ይገባል። በቀዝቃዛ ፍሮንት ላይ ይህ ተዳፋት በየ100 ኪሎ ሜትሩ 1 ኪሎ ሜትር ቢነሣ ነው። በሞቃት ፍሮንት ላይ ደግሞ በየ200 ኪሎ ሜትሩ አንድ። ለዚህ ነው ሞቃት ፍሮንት ከመድረሱ በፊት ቀድሞ ወሬ የሚልከው። በመጀመሪያ ከፍ ብለው ላባ የሚመስሉ ስስ ደመናዎች ይመጣሉ፤ መሬት ላይ ያለው ድንበር እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊርቅ ይችላል። ቀጥሎ ፀሐይን ክብ የሚያስይዛት መጋረጃ። ከዚያ ግራጫው ይወፍራል፣ ይወርዳል፣ በመጨረሻም ሳያቋርጥ የሚንጠባጠብ ዝናብ ይሆናል። ትዕግሥት ላለው ሰው ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ይናገራል።

ቀዝቃዛ ፍሮንት ግን ትዕግሥት የለውም። ከምድር ወገብ ርቄ በቆየሁበት ጊዜ አንዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጬ አይቼዋለሁ። የመኸር ቀን ነበር፤ ለወቅቱ የማይመጥን ሙቀት አለ። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ፣ እርጥብና ለስላሳ። ስልኬ ላይ ግፊቱ በየሰዓቱ አንድ፣ አንድ ተኩል እያለ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ በምዕራብ በኩል ጥቁር ጠርዝ ታየ፣ ከሥሩ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ የሚመስል። ነፋሱ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ከሰሜን ምዕራብ ዞሮ መጣ፤ በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው። ዝናብ፣ በመሐሉ በረዶ። ሙቀቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ስምንት ዲግሪ ወረደ። ቀልቤን የሳበው ግን ግፊቱ ነው። ገና ዝናቡ እየወረደ ሳለ ቁጥሩ መውረዱን አቁሞ ወደ ላይ ተመለሰ። ከባዱ አየር ደርሷላ። ሰዎች ጥግ ይዘው "ይሄ ነገር እንዲህ ሊያመሽ ነው" ሲሉ መርፌው አልቋል እያለ ነበር። ሰዓት ሳይሞላ ሰማዩ ተገለጠ፣ በጠዋቱ ጭጋግ የጠፉት ኮረብታዎችም ዛፋቸው ሳይቀር ታየ።

ይህ መለስተኛው ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 1911 አሜሪካ ውስጥ ኦክላሆማ ሲቲ ላይ ያለፈው ቀዝቃዛ ፍሮንት ከተማዋን ከ28 ዲግሪ አውርዶ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ከዜሮ በታች 8 ላይ አስቀመጣት። የዕለቱ የሙቀትም የብርድም ክብረ ወሰን በአንድ ጀምበር! ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ ያለው ሜዳ ከአርክቲክ የሚመጣውን አየር የሚያቆም ምሥራቅ ምዕራብ የተዘረጋ ተራራ የለውም። የአገሩ አቀማመጥ ፍሮንቱን ያሳልፋል። በአውሮፓ ግን አልፕስ መንገዱ ላይ አለ፤ ቀዝቃዛው አየር ተገትቶ ዙሪያውን ይፈልጋል፣ በሮን ሸለቆ በኩል ቀዳዳ ሲያገኝም ሚስትራል የሚባለው ነፋስ ሆኖ ወደ ሜዲትራኒያን ይወረወራል። ያው አንድ ፍሮንት፣ ሁለት የተለያየ የአየር ጠባይ።

ወደ መርፌው ልመለስ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1944 መጀመሪያ ላይ ሞሪን ፍላቪን የተባለች ወጣት በምዕራብ አየርላንድ ጠረፍ፣ ብላክሶድ በሚባል ቦታ በፖስታ ቤት ትሠራ ነበር። ከሥራዋ አንዱ ባሮሜትር አንብቦ መላክ ነው። 21ኛ ልደቷ በዋለበት በሰኔ 3፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ያነበበችው ቁጥር በፍጥነት እየወረደ ነበር። ላከችው። ስልክ ተደወለ፤ እስቲ ደግመሽ አረጋግጪ አሏት። አረጋገጠች። እንደገና ተደወለ። ለምን እንደሚጨነቁ አልገባትም።

ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ከእንግሊዝ ተነሥቶ በጀርመኖች ወደተያዘችው የፈረንሳይ ጠረፍ ኖርማንዲ ሊሻገር የተዘጋጀው ጦር ቀኑ ሰኔ 5 ተብሎ ነበር። የጦሩ ዋና አዛዥ የጄኔራል አይዘንሃወር የአየር ትንበያ ኃላፊ ጄምስ ስታግ ከአትላንቲክ በሚመጡት እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ተመሥርቶ ማዕበል እየመጣ ነው አለ። ዘመቻው ተላለፈ። ቀጥሎ ደግሞ ቀዝቃዛው ፍሮንት አልፎ ከኋላው አጭር ፋታ እንደሚኖር ታየ። ሰኔ 6 ሄዱ። ጀርመኖች ከአትላንቲክ በኩል የሚደርሳቸው መረጃ እምብዛም ነበር። በዚህ ባህር ማን ይመጣል ብለው ተዘናጉ፤ ፊልድ ማርሻል ሮመል ራሱ ለሚስቱ ልደት ወደ ቤቱ ሄዶ ነበር። ሞሪን የሠራችውን ያወቀችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አየሩ የሚመጣው ከምዕራብ ነውና በምዕራብ ጫፍ ያለው መርፌ ከሁሉም ቀድሞ ያውቃል። ጄኔራሎቹ የፈለጉትም የቁጥሩን ትንሽነት ሳይሆን አወራረዱን ነው።

ይህ ሁሉ እንግዲህ የመካከለኛው ኬክሮስ፣ ማለትም በሞቃታማው ቀጣናና በዋልታዎቹ መካከል ያለው ምድር፣ ጨዋታ ነው። ወደ ምድር ወገብ ሲጠጉ ሕጉ ይቀየራል። አየርን የምታጣምመው የምድር መዞር እዚያ ጉልበት ታጣለች። ጉድጓዱ ይሞላል፣ ልዩነቱም አይጠራቀምም። ሞቃትና ቀዝቃዛ የአየር ግዛቶች ስለማይገናኙም ፍሮንት የለም ማለት ይቻላል። ዝናቡን የሚያመጣው የሁለቱ ንፍቀ ክበቦች ነፋሳት የሚገናኙበት መቀነት ነው፤ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል።

ቢሆንም ከሩቅ ያለ ግፊት እዚያም እጁ አለበት። በደቡብ ህንድ ውቅያኖስ፣ ማስካሬን በሚባሉት ደሴቶች አካባቢ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሚበረታ ከፍተኛ ግፊት አለ። በእስያ ምድር ላይ ደግሞ በሙቀት የተፈጠረ ዝቅተኛ ግፊት። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው አየር በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በኩል የምድር ወገብን ይሻገራል፣ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ከሶማሊያ ዳርቻ ላይ ኃይለኛ ነፋስ ሆኖ ወደ ህንድ ይዘልቃል። በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ የግፊት ልዩነት ነው የሚጎትተው።

በሞቃታማው ቀጣና ባሮሜትር የምትከታተሉ ከሆነ ሌላ ነገር ታያላችሁ። መርፌው በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። ከጠዋቱ 4 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከቀኑ 10 ሰዓትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ። ልዩነቱ ከ2 እስከ 3 ሄክቶፓስካል ነው። ፀሐይ የላይኛውን ከባቢ አየር በማሞቋ የሚነሣ ሞገድ ነው፤ ለዝናብም ለፀሐይም ደንታ የለውም። ይህን የማያውቅ ሰው ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ማዕበል መጣ ብሎ ይደነግጣል።

መርከበኞች ግን ይህንኑ የማይለወጥ ሞገድ ለማስጠንቀቂያ ይጠቀሙበታል። አውሎ ነፋስ በሚነሣባቸው ባህሮች ላይ የዕለቱን ውጣ ውረድ ቀንሰው፣ ግፊቱ ከወቅቱ አማካይ በ3 ሄክቶፓስካል ከወረደ ጠርጥር ይላሉ። በ5 ከወረደ ጥርጣሬው አብቅቷል፤ አውሎ ነፋሱ አካባቢው ላይ ነው። አንዳንዴ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ መውጣት የነበረበት መርፌ አልወጣ ካለ መርከቡን የሚያዞሩት ያኔውኑ ነው።